በግንቦት የወረደው በረዶ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣ የአባቴ ቤት ሁለተኛ ልጅ ለሆንኸው፣ በአፍሪካ ደቡብ ከደመና በላይ በተቀመጠችው ተራራማ አገር ለምትኖረው።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ሩቁንና ቅርቡን በአንድ ዓይን የሚያይ አምላክ አንተን ከነቤተሰብህ በቸርነቱ ይጠብቅልኝ እያልሁ፣ የናፍቆት ሰላምታዬን ከአንገቴ ሳይሆን ከአንጀቴ አቀርብልሃለሁ። እንደምን ከርመሃል? ትንፋሽህ እንደምን ነው? ሳሉ ጋብ አለልህ ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሣሃል? በሦስት ትራስ ተደግፌ እተኛለሁ ያልኸኝን ባሰብሁ ቁጥር የእኔው አንድ ትራስ ይጎረብጠኛል። እህል ይወርድልሃል? ከአልጋህ እስከ በሩ ያለ ደጋፊ ትሄዳለህ ወይስ ባለቤትህ ክንድህን ትይዝሃለች? እርሷስ አንተን ስታስታምም የራሷን ጤና አላጣችም? ልጆችህስ እንደምን አሉ?

እኛ እስካሁን አለን። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል፤ ዓይኔ ግን አልከዳኝም፣ ብራና ላይ አሁንም ያለ መነጽር እጽፋለሁ። ባለቤቴ ጆሮዋ ደከም ከማለቱ በቀር ደኅና ናት፤ የማትወደውን ነገር ግን ዱሮም አትሰማም ነበርና ልዩነቱ ብዙ አልታወቀንም። አንተ ስትሄድ የምታዝላት ሕፃን የነበረችው ልጄ ዛሬ መምህርት ሆናለች፤ ባልዋ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ሳቂታና ደግ ሰው ነው፣ አፉ ግን ፍሬን የለውም። አራታችንም በአባታችን ቤት ነን።

ወንድሜ ሆይ፣ ልመጣ ነው። ፈቃዱ ወጥቷል፤ ቲኬቱ ተቆርጧል፤ ግንቦት ፲፬ ቀን አገርህ እገባለሁ። ይህን በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ አስደውዬ፣ የአንተን ሳል ስሰማ ስለ አየሩ ሁኔታ ጠይቄህ ዘጋሁ። ከመምጣቴ በፊት ልትሰማው የሚገባህ ነገር ስላለ በጽሑፍ አደረግሁት። ከሰማህ በኋላ በርህን ልትከፍትልኝም ልትዘጋብኝም ሥልጣኑ ያንተ ነው፤ በየትኛውም አልቀየምህም።

በየካቲት የላክኸው ደብዳቤ የደረሰን ማዕድ ላይ ሳለን ነበር። «ሐኪሙ ከመንፈቅ አታልፍም ብሎኛል፤ ጋሼ፣ አንድ ጊዜ መጥተህ እየኝ» የሚለውን ልጄ ከፍታ ስታነብ ድምፅዋ ተቆረጠ፣ ባልዋ ተቀብሎ ጨረሰው። በማግሥቱ ጉዞው መታቀድ ጀመረ። ልጄ የዓለም ካርታ ከትምህርት ቤት ተውሳ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ሁለት አውሮፕላን፣ ከዚያ በኋላ ሽቅብ የሚወጣ አውቶቡስ፣ ከዚያ ያንተ መንደር። ሹፌሩ አማቼ የተራራውን መንገድ በስልኩ ላይ አይቶ፣ «አባባ፣ ይህ መንገድ አይደለም፤ ግድግዳ ላይ የተሰመረ ገመድ ነው። ነጂው ሲያዞር ዓይንዎን ጨፍነው ይጸልዩ፤ እኔ ብሆን እየነዳሁ ነበር የምጸልየው» አለኝ። ሳቅሁ። እንደዚያ መሳቄ የመጨረሻ ነበር።

ቲኬት ልንቆርጥ ሄድን። የቲኬት ቢሮዋ ጸሐፊ አፈኛ ሴት ናት፤ ከመቀመጤ «አባቴ፣ ወፍራም ካፖርት አለዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም፣ ልጄ ሆይ፣ የምሄደው በግንቦት ነው፣ ግንቦት የሙቀት ወር ነው፣ ካፖርት ምን ያደርግልኛል አልኋት። «የእኛ ግንቦት ነዋ! እነሱ ዘንድ ብርዱ የሚገባው ያኔ ነው። ይልቅ ከወሩ ማለቂያ በፊት ይድረሱ፤ በረዶ ከወረደ ያ የተራራ መንገድ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይዘጋል» አለች። ተቆጣሁ። እኔ የዘመን ቆጠራ የተማርሁ፣ ዓመትን በወርና በወቅት ከፍዬ ለሰው የማስረዳ ሽማግሌ መሆኔን፣ ፀሐይም ለፍጥረት ሁሉ አንዲት መሆኗን በረጅሙ ነገርኋት። ሴትዮዋ አልተከራከረችኝም። ጠረጴዛዋ ላይ የነበረችውን ትንሽ የዓለም ሉል አንሥታ ዘንበል አደረገቻትና፣ «እኛ ወደ ፀሐይ ስንዞር እነሱ ጀርባቸውን ይሰጣሉ። እኛ ሲሞቀን እነሱ ይበርዳቸዋል። ይቺን የሦስተኛ ክፍል ልጅም ያውቃታል» ብላ ሳቀች። ቀጥላ በኮምፒዩተሯ ያለፈውን ዓመት ሥዕል አሳየችኝ፤ መንገዱ የለም፣ አጥሩ የለም፣ አንድ አውቶቡስ እስከ መስኮቱ በነጭ ተቀብሯል። ከሥሩ የተጻፈው ቀን በእኛ አቆጣጠር ግንቦት ፳፮ ነው።

ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጥሁ ቀረሁ። ሴትዮዋ የበረራው ርዝመት ያስደነገጠኝ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ።

ለምን እንደ ደነገጥሁ አንተ የምታውቀው ግማሹን ነው። አባታችን ያረፈው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በግንቦት ነበር። በመንገድ ሥራ ድርጅትህ በኩል መልእክት ላክሁብህ፤ አልመጣህም። በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤህ ደረሰ፦ በረዶ ወርዶ የተራራው መንገድ ለዐሥራ አንድ ቀን እንደ ተዘጋባችሁ፣ ሁለት ጊዜ በእግርህ ልትወርድ ሞክረህ ሰዎች ከመንገድ እንደ መለሱህ፣ አባትህን ሳትቀብር በመቅረትህ እንቅልፍ እንዳጣህ ጽፈህ ነበር። ደብዳቤው የመጣ ዕለት ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር፤ ሙቀቱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል። ቆሜ አነበብሁላቸው። ጨርሼም መሐረቤን አወጣሁና የግንባሬን ላብ ጠርጌ ለሰው ሁሉ እያሳየሁ፣ «እነሆ የግንቦት በረዶ! ወንድሜ የላከልን ይህ ነው» አልሁ። የሐዘን ቤት በሳቅ ተናጋ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ፣ «የኔታ፣ ሳይቀልጥ ይጠጡት» ብሎ ሲጨምርበት፣ ነፍሷን ይማርና እናታችን ብቻ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ቀን ወዲህ በሰፈራችን ስምህ «በረዶው» ሆነ። የዋሸ ሰው ሲገኝ «በረዶው መጣ» ይባላል። አንተን ዓይተው የማያውቁ ልጆች እንኳ ይሉታል፤ ከየት እንደ መጣ ግን አያውቁም።

ለደብዳቤህ መልስ ያልሰጠሁህ ስለዚህ ነው። አንተ ፖስታው የጠፋ መስሎህ ሦስት ጊዜ ደግመህ ጻፍህ። አንዱንም አልከፈትሁም።

ከቲኬት ቢሮው ስንመለስ ልጄን በመንገድ ላይ ያዝኋትና፣ አንቺ መምህርት ነሽ፣ ይህን ታውቂው ነበርን? አልኋት። አንገቷን ደፋች። «በስምንተኛ ክፍል ተማርነው አባዬ። ያን ቀን ከትምህርት ቤት ሮጬ መጥቼ ነበር። እርስዎ ተማሪዎችዎን ሲያስጠኑ ደረስኩ፤ አንዱ ልጅ ስለ ወቅት ተሳስቶ እየቀጡት ነበር። ፈራሁና ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ» አለችኝ። ከዚያስ ስታድጊ? ብላት፣ «ከዚያማ ጊዜው አለፈ። ደግሞስ የሚያውቁ መሰለኝ፤ አውቀው የተዉት» አለችኝ። ከሁለተኛው ነገርዋ ይልቅ የመጀመሪያው ይቀለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ አንተ ጨርሶ ወደማታውቀው እመጣለሁ። የአባታችን የጸሎት መጽሐፍ ትዝ ይልሃል፤ በመጨረሻው ቅጠል ላይ የእኔንና ያንተን ስምና የልደት ቀን በገዛ እጁ ጽፎት ነበር። ለቅሶው እንዳበቃ ያን ቅጠል በጭኔ ላይ ዘረጋሁት። ጸሐፊ ሲሳሳት እንዴት እንደሚያርም ታውቃለህ፤ ብራናውን በስለት ጫፍ ቀስ አድርጎ ይፍቃል፣ በለስላሳ ድንጋይ ያሻል። ስምህን ፋቅሁት። አባታችን ቀለሙን አጥልቆት ነበርና ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ባዶው ቦታ እንዳያሳብቅብኝም በቀይና በጥቁር ቀለም ሐረግ ሣልሁበት። ሐረጉ እጅግ ያማረ ነው፤ በሕይወቴ ከሣልኋቸው ሁሉ አንደኛው እርሱ ነው። ሰው መጽሐፉን ሲያይ መጀመሪያ የሚያደንቀው እርሱን ነው።

በዚያው ዓመት የሰፈሩ መዝገብ ቤት ጎርፍ ገብቶበት መዝገቡ እንደ አዲስ ሲጻፍ፣ የእጅ ጽሕፈቴ ስለ ተወደደ የመቶ አርባ ሦስት ቤተሰብ መዝገብ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። ከእኛ ቤት ስደርስ፣ «የአባት ልጆች ብዛት» በሚለው ፊት አንድ ብዬ ጻፍሁ። «ወንድም ወይም እኅት» በሚለው ፊት የለም አልሁ። ከሥሩም እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምዬ ፈረምሁ። በየዕለቱ ስጸልይ የሙታንንም የሕያዋንንም ስም እጠራለሁ፤ አንተን ከሁለቱም አወጣሁህ።

እንግዲህ የመግቢያ ፈቃድ ለማግኘት ወንድምህ መሆኔን የሚያረጋግጥ ወረቀት ሲጠየቅ፣ ወደዚያው መዝገብ ቤት ሄድሁ። መዝገብ ያዡ ከሲታ፣ በጆሮው ላይ እርሳስ የሚሰካ ሰው ነው። ትልቁን መዝገብ አምጥቶ ገለጠና አቧራውን እፍ ብሎ፣ «ይኸው የኔታ፤ እንዴት ያለ ጽሕፈት ነው! ልጆቻችንን በዚህ ነው ፊደል የምናስተምራቸው። ወንድም፣ የለም። ፊርማ፣ የእርስዎ። ምኑ ነው የጎደለው?» አለኝ። ስህተት ነው፣ ወንድም አለኝ አልሁት። «እንግዲያ ያኔ የማሉት?» አለ። እርሳሱን ከጆሮው አውጥቶ በጣቱ እያሽከረከረ፣ «በሐሰት ምያለሁ ብለው ያመልክቱ፤ አባትዎን ያውቁ የነበሩ ሦስት ምስክሮች ያቅርቡ፤ ፍርድ ቤት ይታይና በሰባት ወር፣ ቢበዛ በስምንት ወር ይታረማል» አለኝ። ሐኪሙ ለአንተ የሰጠህ ጊዜ በየካቲት ስድስት ወር ነበር። «ሌላ መንገድ የለም?» ብለው፣ «ፍቀነው እንዳንጽፍበት ይህ ወረቀት ነው፤ እንደ እርስዎ ብራና አይደለም፣ ይቀደዳል» ብሎ መዝገቡን ዘጋው።

ቢሆንም ምስክር ፍለጋ ወጣሁ። አባታችንን ካወቁት መካከል ሁለቱ ሞተዋል፤ ጫማ ሰፊው በሕይወት አለ፣ ግን ልጆቹንም አይለይም፤ እኔን ሲያይ አባታችን መስዬው እግሬ ላይ ወደቀ። የቀረው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሰው እየላጨ ነበር የገባሁት። ጉዳዬን በለሆሳስ ልነግረው ብፈልግ እርሱ ከፍ አድርጎ፣ «ማ? በረዶው?» አለና ምላጩን አቆመ። «ወንድም አይደለም፣ እንደ ሞተ ቁጠሩት ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ? ስንት ዓመት አብረን ስንሥቅበት ኖረን፣ አሁን እኔን ከዳኛ ፊት አቁመው ሊያስቀልዱብኝ ነው?» ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው አረፋ በፊቱ እንደ ሞላ ሣቀ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ወደ ሰውዬው ጉንጭ እየመለሰ፣ «ይተዉት የኔታ። ደግሞ በዚህ ሙቀት!» አለ። ይህን ቀልድ ያስተማርሁት እኔው ነኝ።

የአባታችንን መጽሐፍ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ አንተ የላክኸውን የግብዣ ደብዳቤና የመዝገቡን ግልባጭ ይዤ ወደ ኤምባሲው ሄድሁ። ልጄም አብራኝ ነበረች። ፈቃድ የሚሰጠው ሰው ክራቫት ያሠረ፣ የታገሠ የሚመስል ጎልማሳ ነው። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። «የጋበዘዎት ሰው ወንድሜ ነው ይላል። መዝገቡ ወንድም የለውም ይላል። ከሁለታችሁ አንዱ ዋሽቷል፤ መዝገብ ደግሞ አይዋሽም» አለ። ተመልከት፣ ዛሬም ውሸታሙ አንተ ሆነህ ልትቀር ነው። ያን ጊዜ መጽሐፉን ፈትቼ ቅጠሉን አሳየሁት፤ ስሙ እዚህ ነበር፣ የፋቅሁት እኔ ነኝ አልሁት። ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርጎ አየው፣ በጣቱ ዳሰሰው፣ በማጉያ መስታወት መረመረው። «አባቴ፣ እዚህ ምንም የለም። ሐረጉ ግን እንዴት ያምራል!» አለኝ። ውሸታሙ እኔ ነኝ፣ መዝገቡንም በሐሰት የጻፍሁት እኔ ነኝ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ሰውዬው ሳይቆጣ፣ «መዋሸትዎን ካመኑ፣ አሁን የሚሉኝን በምን ልመነው?» አለኝ። ባለመቆጣቱ ይበልጥ ጨከነብኝ።

ልጄ ማልቀስ ስትጀምር ሰውዬው ዙሪያውን ቃኝቶ ወረቀቶቹን ወደ እኔ ገፋቸው። «ይህን እንዳላየሁ እቆጥረዋለሁ» አለ። «በጉብኝት ያመልክቱ። ተራራ፣ ፏፏቴ፣ በፈረስ መጓዝ፣ ሰው ለዚያ ይመጣል። ፎርሙ ግን በአገሩ ዘመድ እንዳለዎት ይጠይቃል። ዘመድ ያለው ሰው በጉብኝት አይገባም፤ ያስቀሩታል ብለን እንሠጋለን። የለኝም ይበሉ። መዝገብዎም የሚለው እርሱኑ ነው።» ቆይቶም ፈገግ ብሎ፣ «እንደ እርስዎ ማስረጃው የተሟላለት አመልካች አይቼ አላውቅም» አለኝ።

ወደ ነፍስ አባቴ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝሁ። ስለ መጀመሪያው ሐሰት ንስሐ ሰጡኝ፤ ስለ ሁለተኛው ግን፣ ንስሐ እየገባህበት ያለውን ኃጢአት መልሰህ ልትሠራ ነውን? ቤትህ ተቀምጠህ ጸልይለት አሉኝ። ትእዛዛቸው የቀና ነው። እኔም ለሰው ስመክር የኖርሁት እንዲያ ብዬ ነው። ሦስት ቀን ቤቴ ተቀምጬ ጸለይሁልህ። በሦስተኛው ቀን፣ ቤቱ ተቀምጦ ከሚጸልይልህ ይልቅ አጠገብህ ቆሞ ውኃ የሚያቀብልህ ሰው ሳያሻህ አይቀርም አልሁ። ያልሁት ትክክል ይሁን ስህተት እስካሁን አላውቅም፤ የነፍስ አባቴን ትእዛዝ መተላለፌን ግን አውቃለሁ፣ የሚመጣብኝን እቀበላለሁ።

ልጄ ፎርሙን በኮምፒዩተር እስከ ግማሽ ሞላችው። «በአገሩ ዘመድ አለዎት?» ከሚለው ስትደርስ እጇን አነሣች። «ይቺን እኔ አልጫናትም አባዬ፤ ራስዎ ይጫኗት» ብላ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። ቀለም መበጥበጥ የለ፣ ብርዕ መቅረጽ የለ። «የለም» የምትለዋን በጣቴ ጫፍ ነካኋት፤ አለቀ። አንተን ከብራና ለማጥፋት ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ነበር። እውነቱን ስናገር የተዘጋብኝ በር፣ በዋሸሁ በዘጠነኛው ቀን ተከፈተልኝ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ላይ ነኝ። አማቼ፣ ከድንበሩ ላይ ሹሙ መጠየቁ አይቀርም፣ እርስዎ ደግሞ ፊትዎ ይናገራል አለና፣ ልጄ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እንደ ሹም ጠረጴዛ ኋላ ትቀመጣለች። «ወደ አገራችን ምን ሊያደርጉ መጡ?» ትለኛለች። ወንድሜን ልጠይቅ እላለሁ። «ተሳስተዋል፤ ይመለሱ» ትላለች። ከበሩ ተመልሼ እገባለሁ። ተራሮችን ልጐበኝ እላለሁ። «እዚህ የሚያውቁት ሰው አለ?» ስትለኝ፣ አፌ ቀድሞኝ አዎን፣ ታናሽ ወንድሜ ታሟል ይላል። በመጀመሪያው ቀን ስምንት ጊዜ ተሳሳትሁ። ተማሪዎቼን ለአንዲት ስህተት የቀጣኋቸው ሁሉ ቢያዩኝ በበቀላቸው በተደሰቱ። አማቼ ሊያሥቀን ፈልጎ፣ «አባባ፣ ካሜራ አንገትዎ ላይ እናንጠልጥልልዎ፤ ፈረሱ ላይ ሆነው ዘወር ዘወር ይበሉ» አለ። ባለቤቴ ጥግ ላይ ልብስ ታጥፍ ነበር፤ የማትሰማ መስሎን ነበር። ቀና ሳትል፣ «ሃያ ሁለት ዓመት ሳይሳሳት ሲለው የኖረውን፣ አሁን ምን አስረሳው?» አለች። አሁን ግን በሚገባ አጥንቼዋለሁ፤ ሳልደናቀፍ እለዋለሁ።

ስለዚህ ይህን አስተውለህ ስማኝ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሰው እንዳትልክ። ለኤምባሲው ባስገባሁት የጉብኝት ዝርዝር መሠረት ከአስጎብኚ ጋር ነኝ፤ በሁለተኛው ቀን ወደ ፏፏቴው እንሄዳለን። ልጄ በካርታው ላይ አይታ እንደ ነገረችኝ፣ መንገዱ በመንደራችሁ በኩል ያልፋል። ግንቦት ፲፭ ቀን፣ ከቀትር በፊት፣ አንድ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ደክሞኛል ብሎ ከፈረስ ወርዶ በርህን ያንኳኳል፤ የሚጠጣ ውኃ ይለምናል። አስጎብኚው አጠገቤ ይሆናልና ባለቤትህ እንደ ማንም እንግዳ ትቀበለኝ። ልጆችህ አጎቴ እንዳይሉኝ ንገራቸው። አንተም ጋሼ አትበለኝ። እኔም ካልጋህ አጠገብ ስቆም እንደ ማላውቅህ ሰው፣ እግዜር ይማርህ እልሃለሁ እንጂ አልስምህም፤ ይህን ችዬ እወጣው እንደሆነ አላውቅም። በየቀኑ አንድ ምክንያት ፈልጌ ተመልሼ እመጣለሁ፤ ፈቃዴ ዐሥራ አራት ቀን ነው።

ይህን ሁሉ አንብበህ ልታየኝ ካልወደድህ ለማንም አትናገር፤ በሩ ብቻ ይዘጋ። አንኳኩቼ ካልተከፈተልኝ ከጎረቤት ውኃ ጠጥቼ፣ ፈረሴ ላይ ወጥቼ፣ ፏፏቴውን ለማየት እሄዳለሁ። ወይም ደግሞ ለሹሞቹ እውነቱን ብትነግርና ከድንበር ቢመልሱኝ፣ ፍርዱ የተገባኝ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሐሰተኛ ተብለህ አንድ ቀን እውነት ብትናገር ማን ይፈርድብሃል? ድንገት በረዶው ቀድሞኝ መንገዱ ቢዘጋብኝም፣ አልመጣሁም ብለህ አትዘንብኝ ለማለት አፍ የለኝም። አንተ ይህንኑ ስትለኝ እኔ አላመንሁህም።

ለባለቤትህ፣ አንድም ቀን እንደምን አደርሽ ብያት ለማላውቀው፣ ከእግሯ በታች ዝቅ ብዬ ሰላም እላታለሁ። ለትልቁ ልጅህና ለታናሽ እኅቱ፣ ስማቸውን በሦስቱ ባልከፈትኋቸው ደብዳቤዎች ውስጥ ነግረኸኝ እንደ ነበር ለጠረጠርኋቸው፣ ጉንጫቸውን ስመህ ሰላም በልልኝ፤ ስማቸውን አሁን ከፍቼ ማንበብ አሳፈረኝ፤ ካንተ አፍ ልስማው። አብራችሁ ለምትኖረው ለባለቤትህ እናት ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ። ባለቤቴ ሰላም ትልሃለች፤ ካልሲ ሠርታልሃለች፣ ገበያ ላይ የተገዛ ለማስመሰል ዋጋ ጽፋ ለጥፋበታለች። ልጄ ትስምሃለች። አማቼ ባላይህም ወድጄሃለሁ በልልኝ ብሏል።

የመጨረሻ ልመናዬ ይህ ነው። ወንድሜ ብዬ በእጄ የጻፍሁበት፣ በዓለም ላይ ያለው ብቸኛ ወረቀት ይህ ደብዳቤ ነው። ካንተ ጋር ቢገኝ ያስመልሰኛል። አንብበህ ስትጨርስ እሳት ውስጥ ጨምረው፤ እስኪያልቅም ቆመህ እይልኝ።

ታላቅ ወንድምህ

በአባታችን ቤት፣ በመጻፊያ ክፍሌ ሆኜ
ሚያዝያ ፳፩ ቀን፣ ከቀትር በኋላ ተጻፈ